ከእንዶድ አረፋ እስከ ደም ናሙና

እስቲ ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት የባዮሎጂ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የሳይንቲስቶችን ስም ቁጠሩ። ፓስተር አለ፣ ኮክ አለ፣ ፍሌሚንግ አለ፣ ሜንዴልም ከነአተሩ አለ። ጥሩ ነው፣ ማወቅ ይገባል። ግን አንድ ሰው ድንገት ተነስቶ "ከኢትዮጵያስ?" ቢላችሁ ምን ትመልሳላችሁ? አብዛኞቻችን ዝም ነው የምንለው። ዝም የምንለው ደግሞ ሰው ጠፍቶ ሳይሆን ማንም ስላልነገረን ነው።

ስለዚህ ዛሬ የአገራችንን የጤና ተመራማሪዎች እናነሳለን። ሁሉንም አንችልም፤ በአንዱ ላይ ረዘም አድርገን ቆይተን ሌሎቹን አለፍ አለፍ እያልን እንነካለን። በይጁቤ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የባሶ ሊበን ቀበሌዎች ለምትማሩ ታሪኩ ሩቅ አይደለም። የሚጀምረው ከቤታችሁ አጥር ጥግ ነው። (እ.ኤ.አ ያልንበት ዓመት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዓ.ም ብቻ ያልንበት የኛ ነው።)

አጥር ላይ ያለው ሳሙና

እንዶድን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም። ኦሞና ላርጎ ከሱቅ ከመምጣታቸው በፊት የእናቶቻችን ሳሙና እሱ ነበር። ፍሬው ሳይቀላ፣ ገና አረንጓዴ ሳለ ይለቀማል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ወንዝ ተወርዶ ጋቢው፣ ኩታው፣ ነጠላው በአረፋው ይታሻል። ዛሬም ቢሆን "የሐበሻ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ ነው ንጣቱ የሚያምረው" የሚሉ እናቶች አሉ፤ ሳሙና ቤት እያለም እንዶድ ይፈልጋሉ።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። አረንጓዴ ሳለ መልቀም፣ መውቀጥ፣ ውሃ ውስጥ ማቆየት። ይህን ያወጣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በኋላ ኬሚስቶች በቤተ ሙከራ ሲመረምሩት ግን እያንዳንዱ እርምጃ ምክንያት እንዳለው ታወቀ። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። አንደኛው ጫፋቸው ውሃ ይወዳል፣ ሌላኛው ጫፋቸው ቅባት ይወዳል። አረፋ የሚያወጡትና እድፍ የሚያስለቅቁት በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬው ሳይወቀጥ በፊት አብዛኞቹ ሳፖኒኖች ኃይል የላቸውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው በራሱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሥራ ይጀምርና ወደ ኃይለኛው ዓይነት ይለውጣቸዋል። ኃይሉ ደግሞ የሚበረታው አድጎ ገና ባልቀላው ፍሬ ላይ ነው። እናቶቻችን ኢንዛይም የሚለውን ቃል አያውቁትም፣ ሥራውን ግን ያውቁታል።

ውሃ ውስጥ ያለው ጠላት

አሁን ደግሞ ወደ በሽታው እንምጣ። ቢልሃርዚያ የሚባለውን ሰምታችሁ ይሆናል። አምጪው ሺስቶሶማ የሚባል ትል ሲሆን በአገራችን ሁለት ዓይነት አለ። ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃ ሲሆን በብዙ የአገራችን ክፍሎች ይገኛል፤ በክልላችን በጣና ሐይቅ ዳርቻ ባሉ እንደ ዘጌ ባሉ አካባቢዎች በተማሪዎች ላይ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ሌላው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም ነው። እሱ የሽንት ፊኛንና የመራቢያ አካላትን ያጠቃል፤ እንደ ታችኛው አዋሽ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይታያል።

የትሉ ኑሮ ተረት ይመስላል። ወንዱ ትል ሴቷን በሰውነቱ ስንጥቅ ውስጥ አቅፎ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት አብረው ይኖራሉ። ማንሶኒ በቀን በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ የተወሰነው በዓይነ ምድር ይወጣል፤ የቀረው ጉበት ውስጥ ተቀርቅሮ ያቆስላል፣ ሆድ እስኪነፋ ድረስ ያደርሳል። ሜዳ ላይ የተጸዳዳ ሰው እንቁላሉ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል። የተፈለፈለችው እጭ ግን በቀጥታ ሰው መያዝ አትችልም። መጀመሪያ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ ማግኘት አለባት። ካላገኘች ትሞታለች። ካገኘች ቀንድ አውጣው ውስጥ ተራብታ በሺዎች የሚቆጠሩ ጭራ ያላቸው እጮች ሆና ትወጣለች። እነዚህ ናቸው እንግዲህ ሊዋኝ የገባውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ ከብት የሚያሻግረውን ልጅ ቆዳ በስተው የሚገቡት። ማንሶኒ በብዛት የሚወጣው እኩለ ቀን ገደማ ነው። ማለትም ፀሐይ አቃጥላን "እስቲ ዋኝተን እንምጣ" በምንልበት ሰዓት!

እንግዲህ አስቡት። ይህን ሰንሰለት ለመበጠስ ከፈለጋችሁ የት ላይ ትቆርጡታላችሁ? መጸዳጃ ቤት መሥራት አንድ ነው። የታመመውን ማከም ሁለት ነው። ሦስተኛው ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ) ቀንድ አውጣ የሚገድሉ ኬሚካሎች ነበሩ፤ ሆኖም ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገዙ ስለነበሩ ለድሃ አገር ገበሬ የሚቀመሱ አልነበሩም።

አድዋ፣ እ.ኤ.አ 1964

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በሐረርጌ እ.ኤ.አ በ1935 ነው፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዓመት መሆኑ ነው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ተከታትለው ጥገኛ ተውሳኮችን ማጥናት ሥራቸው አደረጉ። እ.ኤ.አ በ1964፣ ገና 30 ዓመት ሳይሞላቸው፣ አድዋ ከተማ ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣ እየለቀሙ ነበር። ዓላማቸው የትኛው ቀንድ አውጣ በሽታውን እንደሚያስተላልፍ ማጥናት ነው።

ወንዙ ዳር ሴቶች እንደተለመደው በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። ወጣቱ ተመራማሪ አንድ ነገር አዩ። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጦች በዝተዋል። ከበላይ በኩል ያሉት ግን በሕይወት አሉ።

ይህን ስንት ሰው አይቶት ይሆን? አጣቢዎቹ በየጊዜው ያዩታል። ከብት የሚያጠጣው እረኛ ያየዋል። አክሊሉ ለማን የሚለያቸው ማየታቸው ብቻ ሳይሆን አይተው አለማለፋቸው ነው። ከበላይ በኩል ሕይወት ያላቸውን ቀንድ አውጦች ሰበሰቡ፣ በዕቃ አደረጓቸው። ከዚያ ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ጥቂት እንድትጨምርላቸው ጠየቁ። ቀንድ አውጦቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

እዚህ ላይ አንድ ደቂቃ እንቁም፤ ለባዮሎጂ ፈተናም ይጠቅማችኋልና። ወንዙ ውስጥ ያዩት ነገር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ምናልባት ከታች ያለው ውሃ ደፍርሶ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ቆሻሻ ገብቶበት ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ነገር ብቻ ለይቶ መሞከር ያስፈልጋል። ቀንድ አውጣው አንድ፣ ውሃው አንድ፣ ልዩነቱ አረፋው ብቻ። የእንዶድ አረፋ ያልገባበት ሌላ ዕቃ ከጎኑ ካላስቀመጣችሁ ደግሞ ቀንድ አውጦቹን የገደላቸው እንዶዱ ይሁን ዕቃው፣ ሙቀቱ ይሁን ረሃቡ በምን ታውቃላችሁ? ይህ ማነጻጸሪያ ወይም ኮንትሮል የምትሉት ነው። አክሊሉ ለማም ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሰው ለዓመታት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ መጠኑን፣ ሰዓቱን፣ የቀንድ አውጣውን ዓይነት እየለዋወጡ መመዘን።

አረፋዋን የጨመረችው ሴት ስም በሽልማት ወረቀት ላይ አልተጻፈም። እኔ ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር እሷን አስባታለሁ። ልብሷን አጥባ ወደ ቤቷ ሄደች እንግዲህ፤ ምን እንዳደረገች ማን ይነግራታል?

እ.ኤ.አ በ1966 አክሊሉ ለማ በያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለው ይህ ተቋም በኋላ በስማቸው ተሰይሟል፦ አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ።

አድዋን እንደ ቤተ ሙከራ

ቤተ ሙከራ ውስጥ የሠራ ነገር ሁሉ ወንዝ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአድዋ ከተማ ሰፊ ሙከራ ተካሄደ። እንዶዱ ከአካባቢው ተለቅሞ፣ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ ወደ ወንዞቹ በየጊዜው ይጨመር ነበር። ከሙከራው በፊት ከከተማው ነዋሪ 63 በመቶ ያህሉ በበሽታው ተይዞ ነበር፤ ከሙከራው በኋላ ወደ 34 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ።

ለምን በሕፃናቱ ላይ ውጤቱ የጎላ ይመስላችኋል? ትሉ በሰው ደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራል ብለናል። ቀንድ አውጣው ቢሞት ቀድሞ የተያዘው አዋቂ ሰው ውስጥ ያለው ትል አይሞትም። በሙከራው ጊዜ የተወለዱት ሕፃናት ግን ወንዙን ያገኙት ንጹሕ ሆኖ ነው። ስለዚህ አንድ የመከላከያ ሥራ እየሠራ መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው አዲስ የተያዙትን ነው። በኤች አይ ቪ ሥራም "በቫይረሱ አዲስ የሚያዙ" እየተባለ ለብቻ የሚቆጠረው በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ወረዳ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ቁጥር ቢጨምር መጥፎ ዜና ላይሆን ይችላል፤ መድኃኒት እየወሰዱ ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ነውና። አዲስ የሚያዙት ቁጥር ሲጨምር ግን እሳት እየነደደ ነው ማለት ነው።

"ማን መረመረው?"

ውጤቱ ይህን ያህል ካማረ ዓለም ሁሉ ተሯሩጦ እንዶድን የተቀበለ ይመስላችኋል? አልተቀበለም።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ከእንዶድ ውስጥ ዋናውን ገዳይ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና ለአክሊሉ ለማ ክብር ለማቶክሲን ብሎ ሰየመው። እስከዚህ ጥሩ። ይሁን እንጂ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ለሰው፣ ለከብትና ለሌላው ፍጡር ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ መመዘኛ መረጋገጥ አለበት ተባለ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ እኔም ብሆን የምጠጣው ወንዝ ውስጥ ያልተመረመረ ነገር እንዲጨመር አልፈልግም። ችግሩ ሌላ ነበር። ምርመራው በጣም ውድ ነው። ገንዘቡ ያላቸው ኩባንያዎች ደግሞ ገበሬ አጥሩ ላይ የሚያበቅለውን ነገር መርምረው ምን ያተርፋሉ? በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተሠራውን ሥራ ደግሞ ብዙዎች በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። አክሊሉ ለማ በኋላ በተናገሩባቸው መድረኮች ከቀንድ አውጣው ይልቅ ይህ ጥርጣሬ እንዳስቸገራቸው አልደበቁም።

በዚህ መካከል ሌላ ሰው ብቅ አሉ። የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ። እሳቸው የያዙት ጥያቄ የገበሬ ጥያቄ ነው። የትኛው እንዶድ? ከተለያየ ቦታ የተሰበሰቡ 65 የእንዶድ ዓይነቶችን ተከሉ፣ አነጻጸሩ። ብዙ ፍሬ የሚሰጠው የቱ ነው? ተባይ የሚቋቋመው የቱ ነው? ቀንድ አውጣ ላይ የሚበረታውስ? ከሁሉም በልጦ የተመረጠው ዓይነት 44 ይባላል። በአጥር ላይ ሁሉም እንዶድ አንድ ይመስላል፤ ለካ አይደለም። እንደ ጤፍ ነው፤ ማኛው አለ፣ ሰርገኛው አለ።

የደህንነት ምርመራው በመጨረሻ የተሠራው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) በካናዳ በተገኘ ድጋፍ ነው። እንዶድ ዓይን እንደሚያቃጥል፣ ዓሣም እንደሚገድል ታወቀ፤ በሚጠቀሙበት መጠን ግን በአጥቢ እንስሳት ላይ ከባድ ጉዳት እንደማያደርስና ውሃ ውስጥ ቶሎ እንደሚበሰብስ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ በ1989 ሁለቱ ኢትዮጵያውያን፣ አክሊሉ ለማና ለገሠ ወልደዮሐንስ፣ በስዊድን የሚሰጠውን ራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ከአድዋው ቀን 25 ዓመት ሆኖታል። ሩብ ምዕተ ዓመት!

ታሪኩ እዚህ ላይ አያበቃም። እ.ኤ.አ በ1990 አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ወደሚገኘው ቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያ አካባቢ ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ ከውጭ ገብቶ የውሃ ቧንቧ እየደፈነ አስቸግሯል። እንዶዱ ተሞከረበትና እሱንም ገደለው። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አስመዘገበ። ያኔ ነው እንግዲህ ክርክሩ የተነሳው። ዕውቀቱ የእናቶቻችን፣ ተክሉ የአገራችን፣ መብቱ የማን? በዓለም ላይ ስለ አገር በቀል ዕውቀት ባለቤትነት ሲወራ የእንዶድ ጉዳይ ዛሬም በምሳሌነት ይነሳል።

አክሊሉ ለማ በኋለኞቹ ዓመታት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠርተዋል። ያረፉት በመጋቢት 1989 ዓ.ም በ61 ዓመታቸው ነው።

ስለ እንዶድ እውነቱን እንናገር

አንድን ሰው ስናከብር ሥራውን ከልክ በላይ ማሞገስ አያስፈልገንም። እንዶድ ቢልሃርዚያን ከኢትዮጵያ አላጠፋም። ቀንድ አውጦች ከበላይ በኩል ተመልሰው ይመጣሉ፣ ስለዚህ በየጊዜው መጨመር ይጠይቃል። ዓሣ ይገድላል ብለናል፤ ለጣና ዓሣ አስጋሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በስፋትም ሥራ ላይ አልዋለም። ዛሬ ዋናው መሣሪያ ፕራዚኳንቴል የሚባለው ኪኒን ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ በትምህርት ቤቶች የመስጠት ዘመቻ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ2015 ነው፤ ቁመታችሁን በእንጨት ተለክታችሁ ኪኒን የዋጣችሁ ታስታውሱት ይሆናል። ኪኒኑ ትሉን ይገድላል፣ ወንዙን ግን አያጸዳም። በበጋ ከደጋው ወርዳችሁ ወደ አባይ ሸለቆ ቆላ ለሥራም ሆነ ዘመድ ጥየቃ የምትሄዱ ይህን አስቡ።

ሌላው ደግሞ በጣም አሳሳቢው ነው። እንዶድ ልብስ ያጥባል እንጂ አይጠጣም! "ፅንስ ያስወርዳል" ተብሎ ለልጃገረዶች የሚሰጥበት ቦታ አለ። ያ አረፋ የቀንድ አውጣውን ሥጋ እንደሚያፈርሰው የሰውንም ሆድ ዕቃ ይጎዳል፤ እየጠጡ የሞቱ ሴቶች አሉ። ያልታሰበ እርግዝና ያጋጠማት እህታችን፣ ጓደኛችን ብትኖር ቦታዋ ጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያ የሚሄድ ሰው አያፍርም፣ ጤና ጣቢያ ያለውም ባለሙያ ምስጢር ይጠብቃል። ይህን ለራሳችሁ ብቻ አትያዙት፤ የማታነብ ጓደኛ ካለች ንገሯት።

ሦስተኛም አለ፤ ቢልሃርዚያና ኤች አይ ቪ የሚገናኙበት መንገድ። ቀደም ብለን የጠቀስነው የቆላው ሺስቶሶማ ሄማቶቢየም እንቁላሉን በሴቶች የመራቢያ አካል ውስጥ ጥሎ ያቆስላል። ቁስሉ በሩን ከፍቶ ይተወዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም ይህ ሕመም ያለባቸው ሴቶች በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ እንደሚል ይናገራሉ። ወንዝ ውስጥ የዋኘች የ10 ዓመት ልጅ ከዓመታት በኋላ በሌላ በሽታ ትጋለጣለች ማለት ነው።

ወደ ደም ናሙናው

በዚህ መንገድ ወደ ሁለተኛው ትውልድ ደረስን። በአገራችን ኤች አይ ቪ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ በ1984 በተሰበሰበ ደም ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት የኤድስ ሕሙማን ሪፖርት የተደረጉት በ1986 ነው። በዚያ ጊዜ በሽታው ስሙ የሚፈራ፣ መድኃኒት የሌለው፣ ሐኪሞችም በቅጡ የማያውቁት ነበር። በብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም ውስጥ ይሠሩ ከነበሩት አንዷ ዶክተር ደብረወርቅ ዘውዴ ናቸው። በለንደን ዩኒቨርሲቲ የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ሳይንስ (ኢሚውኖሎጂ) ተምረው በዶክትሬት ተመርቀዋል። በአገሪቱ የመጀመሪያውን የኤድስ መቆጣጠሪያ ሥራ ከመሩት መካከል ናቸው።

የእሳቸው መንገድ ከቤተ ሙከራ ወደ ገንዘብ ቤት ነው የወሰዳቸው። ወደ ዓለም ባንክ ገቡ። እ.ኤ.አ በ2000 ባንኩ ለአፍሪካ የኤድስ መከላከያ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚሆን ፕሮግራም ሲጀምር የአፍሪካን ቡድን ይመሩ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ገንዘቡም ለሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን እስከ ቀበሌ ለሚሠሩ ማኅበራት እንዲደርስ ታስቦ የተያዘ ነው። ትልልቅ እህትና ወንድሞቻችሁ በፀረ ኤድስ ክበብ ድራማ ሲሠሩ፣ ሚኒ ሚዲያ ሲያቋቁሙ ከነበረ "ገንዘቡ ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ደብረወርቅ በኋላ የዓለም ባንክን አጠቃላይ የኤድስ ፕሮግራም መርተዋል፤ የግሎባል ፈንድ ምክትል ዋና ዳይሬክተርም ነበሩ።

ሁለተኛዋ ዶክተር ፀሐይነሽ መሰለ ናቸው። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ) የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ተቋቋመ፤ በእንግሊዝኛው ምህጻር ኢናርፕ ይባል ነበር። ዓላማው በአገራችን ያለው ቫይረስ ምን ዓይነት እንደሆነና በኢትዮጵያውያን ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ ማጥናት፣ እግረ መንገዱንም ወጣት ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎችን ማሠልጠን ነበር። ፀሐይነሽ ከፕሮጀክቱ መሪዎች አንዷ ነበሩ። በኋላ የኢትዮጵያ የጤናና ሥነ ምግብ ምርምር ኢንስቲትዩትን መርተዋል፤ እ.ኤ.አ በ2011 የተቋቋመው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም የመጀመሪያ ሥራ አስፈጻሚ እሳቸው ናቸው።

የፕሮጀክቱ ልብ ያለው ግን ከቤተ ሙከራው ውጭ ነው። እ.ኤ.አ ከ1997 ጀምሮ በአቃቂ የቃጫ ፋብሪካና በወንጂ ስኳር የሚሠሩ ሠራተኞች በፈቃደኝነት ተመዘገቡ። በየስድስት ወሩ እየመጡ እጀታቸውን ሰብስበው ደም ይሰጣሉ፣ ምክር ያገኛሉ። ከተመዘገቡት መካከል ቫይረሱ ያለባቸው ነበሩ፣ የሌለባቸው ነበሩ፣ በክትትሉ መካከልም የተያዙ ነበሩ።

ከዚህ ደም የተገኘውን አንድ ነገር ብቻ ላንሳ። ሲዲ 4 የሚባሉት ነጭ የደም ህዋሳት የሰውነታችን የጦር አዛዦች ናቸው፤ ኤች አይ ቪ የሚያጠቃው እነሱን ነው። ስለዚህ ሐኪም የበሽታውን ደረጃ ለማወቅ ይቆጥራቸዋል። ግን "ጤነኛ" የሚባለው ቁጥር ስንት ነው? መጻሕፍት ላይ ያለው የፈረንጅ ቁጥር ነበር። ፀሐይነሽና ባልደረቦቻቸው ቫይረሱ የሌለባቸውን ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር ሲያነጻጽሩ የኛዎቹ ሲዲ 4 በአማካይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ይህንንም እ.ኤ.አ በ1999 አሳተሙት። አያችሁ? ማነጻጸሪያው ስህተት ከሆነ ጤነኛውን ሰው "ታመሃል" ልንለው ነው። ምክንያቱን ሲፈልጉ ከጠረጠሯቸው ነገሮች አንዱ ዘወትር ከሰውነታችን ጋር የሚታገሉት የሆድ ትሎችና ሌሎች ተውሳኮች ናቸው። እ.ኤ.አ በ2002 በአገራችን ተሠርቶ የታተመ አንድ ጥናት የሆድ ትላቸው በመድኃኒት የጠፋላቸው ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች በደማቸው ያለው የቫይረስ መጠን እንደቀነሰ አሳይቷል። ኋላ በሌሎች አገሮች የተሠሩት ጥናቶች ግማሾቹ ይህን ደገፉ፣ ግማሾቹ አልደገፉም። አክሊሉ ለማ ወንዝ ዳር የጀመሩት የትል ጉዳይ ዞሮ ዞሮ ኤች አይ ቪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ዛሬ ሕክምና ለመጀመር ሲዲ 4 እስኪወርድ አይጠበቅም። ምርመራ አድርጎ ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ወዲያው መድኃኒት ይጀምራል። በአግባቡ ወስዶ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ከደረሰ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ሺህ ጥንዶች ክትትል የተረጋገጠ ነው።

የአቃቂና የወንጂ ሠራተኞች ደም መስጠት ሲጀምሩ ግን ይህ ሁሉ አልነበረም። በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም፣ በነጻ የሆነው በጥር 1997 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት ቫይረሱ እንዳለበት የተነገረው ሠራተኛ ለራሱ የሚያገኘው መድኃኒት እንደሌለ እያወቀ በስድስተኛው ወር ተመልሶ ይመጣ ነበር። እጀታውን ይሰበስባል፣ ደሙን ይሰጣል፣ ወደ ማሽኑ ይመለሳል። ናሙናው ላይ የሚጻፈው ስሙ ሳይሆን ቁጥር ነው። ጥር 1997ን ሳያዩ ያለፉ አሉ።

በእያንዳንዱ ጥናት መጨረሻ ላይ ተመራማሪዎቹ ለተሳታፊዎች የሚያሰፍሩት የምስጋና መስመር አለ። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታነቡ እስከዚያ መስመር ድረስ አንብቡ።